በእንቅልፋሙ ዘበኛ ራስ ውስጥ

ቪያሬጆ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1959

ይድረስ በሰው አገር ለምትኖረው ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለኤልቪዮ ቶሜይ፣

በየማለዳው መሬት ሥር የሚያስገባህ አምላክ በየማታው በሰላም ያውጣህ። ስለኛ ደኅንነት ከጠየቅህ እኔ ደኅና ነኝ። "አባዬም ደኅና ናቸው" ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ወር አባዬ ከወደቡ ዓሣ ገዝተው ሲመለሱ ድልድዩ ጥግ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። "ምነው አባዬ?" ብላቸው "ውኃውን እያየሁ ነዋ" አሉኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያዩትን ውኃ! በግድ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ካበቃ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ "የአባትሽ ልብ ደክሟል። ከእንግዲህ መሰላል መውጣትም ገመድ መሳብም የለም። ዘንድሮ የካርኒቫል በዓሉ ሠረገላ ላይ ከወጡ በእግራቸው አይወርዱም" አለኝ።

ይህን ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ሐኪሙ ዓምና በኛ ሠረገላ ሲስቅ ኪሱን ተሰርቋል፤ ቂም ይዞብኝ ነው።" ከዚያ ለሠረገላው አለቃ ለኤጂዲዮም ሆነ ሠረገላው ለሚሠራበት መጋዘን ሰዎች አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ በእናቴ መቃብር አስማሉኝ። ላንተ እንዳልጽፍ ግን አላስማሉኝም። ረሱት መሰለኝ።

የዘንድሮው ሠረገላ ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ ግዙፍ እንቅልፋም ዘበኛ ነው። ለማንም እንዳታወራ፤ እስከ መጀመሪያው ሰልፍ ድረስ ምስጢር ነው፣ የቤልጅግ ግድግዳም ጆሮ አለው። ሌቦች እግሩ ሥር ከተማውን እየጫኑ ሲሄዱ እሱ ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል፤ ድንገት ይባንንና ቀና ብሎ ሕዝቡን ያያል፤ ተመልሶ ይተኛል። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ሳቁ ያለው ራሱ ላይ ነው። ራሱን የሚጥለውና የሚያነሣው ደግሞ አባዬ ውስጥ ሆነው የሚስቡት ገመድ ነው።

ለዚያ ገመድ ሰው የሚሾመው ቤቱ እንጂ አለቃው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ከአያታችን ወዲህ ከቶሜይ ቤት በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ባዕድ ቢተካቸው አባዬ በልባቸው ሳይሆን በኀፍረት ይሞታሉ። አንተ ከሆንክ ግን በገዛ እጃቸው ያስረክቡሃል። በአሥራ አምስት ዓመትህ አጠገባቸው ቆመህ ተምረኸዋል። መዳፍህን የምትጠቀልልበት የሸራ ጨርቅ ዛሬም ከሳቸው ጨርቅ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ አጥቤ እመልሰዋለሁ።

ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ ለካርኒቫል ና። ስለ ሐኪሙ ምንም እንዳታነሣ። "ናፍቄ መጣሁ፣ ተራዬን ስጡኝ" በላቸው፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።

በጭንቀት ያለች እህትህ ዮላንዳ


ሻርለሯ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1959

ይድረስ ለእህቴ ለዮላንዳ፣

ለወግ ያህል ሳይሆን ከልቤ፣ እንደምን ከርመሻል? የገና ሕፃን ቤታችሁን በሙቀት ይሙላው። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ የሥራ ፈረቃዬ ተቀያይሮብኝ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ነበር፤ እዚህ አገር ጉንፋን ያልያዘው ጣሊያናዊ ካየሽ ገና ትላንት የመጣ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ፣ አጎቴ ኦሬስቴ፣ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው መሰላሉ ላይ ሲያስቀምጡኝ ነው የማስታውሳቸው። "ውረድ" ሲባሉ ላያቸው አልችልም። ሆኖም ሐኪም ሁልጊዜ ያጋንናል። የኛ የማዕድኑ ሐኪም ደግሞ ያሳንሳል፤ ሁለቱን አደባልቆ አንድ ጥሩ ሐኪም የሚሠራልን ቢገኝ ምን ነበረበት!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። መሰላሉ አሁንም በምስሉ ደረት ውስጥ ነው የሚያልፈው? ዱሮ ሃያ ስምንት እርከን ነበረው። መሐል ላይ አረፍ የሚሉበት ሳንቃ አድርገውለታል? ደግሞ ውስጡ አሁንም ያ የዱቄት ሙጫና የእርጥብ ጋዜጣ ሽታ አለው? አየር እንዴት ነው?

በፌብሩዋሪ ፈቃድ ካገኘሁ መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል። የዓሣ ወጥሽን ጠግቤ፣ ባሕሩ ዳር ያለው የመዋኛው ግንብ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ከበርቴ እያየሁ። ለአጎቴ እጃቸውን ሳሚልኝ።

የማይረሳሽ ወንድምሽ ኤልቪዮ


ቪያሬጆ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1960

ይድረስ ለወንድሜ ለኤልቪዮ፣

አዲሱ ዓመት ዕድሜና ጤና ያምጣልህ፤ ትንሽም ማስተዋል ቢጨምርልህ አልጠላም። እኔ እሳት ነድዷል ብዬ ጻፍኩልህ፣ አንተ ስለ ወጥ ትጽፍልኛለህ? ልታይ? ለማየትማ ፖስታ ካርድ አለ፤ እልክልሃለሁ።

መሰላሉ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ እርከን ነው። አረፍ የሚባልበት ሳንቃ የለም። አየሩም የሙጫ ነው። ይኸው መልስህ፤ አሁን አንተ የኔን መልስልኝ።

አባዬ ብሶባቸዋል። እኔን ለማሳመን ይመስለኛል፣ በየማለዳው ከጉድጓዱ ሁለት ባልዲ ውኃ ይስባሉ። ሁለተኛውን ሲያወጡ ጀርባቸውን ያዞሩብኛል፤ ፊታቸውን እንዳላይ ነው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይሉ የለ። "አባዬ፣ ኤልቪዮ ሊመጣ ይችላል" ብዬ ጫፏን ብነግራቸው ባልዲውን አስቀምጠው፣ "ከመጣ ጨርቁ አለለት" አሉ። ከዚያ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላሉ።

አንተ ውስጥ ስለነበርክ አታውቀውም። እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከመዋኛው ግንብ ሥር ቆሜ አያለሁ። ራሱ ሲወድቅ ትንፋሼን እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፤ ይነሣል፤ ሕዝቡ ይስቃል። እኔ የምስቀው ዘግይቼ ነው፤ ከሁሉ በፊት "ተነሣ፣ እነሆ አባዬ አሉ" እላለሁ። ዘንድሮ ሁለት ብዬ ካልተነሣስ?

ሌላም ነገር አለ። የፖስታህ ማኅተም ሻርለሯ አይልም። ስሙን ማንበብ ያቃተኝ ሌላ ከተማ ነው። ሥራ ቀየርክ እንዴ?

የመጀመሪያው ሰልፍ ፌብሩዋሪ 14 ነው። ከዚያ በፊት ድረስልኝ። ሙሽራዋ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው፣ እኔም ከባቡር ስትወርድ ካላየሁ አላምንም።

ዮላንዳ


ሻርለሯ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1960

ይድረስ ለእህቴ ለዮላንዳ፣

ሰላምታዬ ከጽሑፌ ይርዘም። ማኅተሙ እንዳያሳስብሽ፤ ወደዚያ የሚሄድ ጓደኛ ነው ፖስታውን ያደረሰልኝ።

እመጣለሁ። ቆርጫለሁ። ለመጀመሪያው እሑድ ግን አልደርስም፤ የሚፈቅዱልኝ ሰዎች ገና አልፈቀዱም። ምናልባት ለመጨረሻዎቹ ቀናት። እስከዚያ አጎቴን በማንኛውም ሰበብ ያዢልኝ። ጣሪያው ያፈሳል በያቸው፤ ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ቀዳዳ ከሰሙ አያልፉም።

ስመጣ አጎቴ ጣቢያ ድረስ እንዳይወጡ። አደራ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ኤልቪዮ


ቪያሬጆ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1960

ይድረስ ለኤልቪዮ፣

የመርከበኞች ጠባቂ ቅዱሳን ሁሉ ካንተ ጋር ይሁኑ። ከኔ ጋር የሉም፤ ትላንት አባዬ ወጡ።

ጣሪያውን ራሴ በመዶሻ ቀድጄው ነበር። ቅዳሜ ጠግነውት አደሩ። እሑድ ሰልፉን የሚያስጀምረው መድፍ ሦስቴ ጮኸና ሠረገላዎቹ ወደ ባሕሩ ጎዳና መውጣት ጀመሩ። እንደ ወትሮዬ ከግንቡ ሥር ቆምኩ። በመጀመሪያው ዙር ራሱ ወደቀ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ተነሣ። በሁለተኛው ዙር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሰዉ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ "ወይ እንቅልፍ!" ብላ ስትስቅ ላንቃት ምንም አልቀረኝም።

ሲወርዱ ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ነበር። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። "ገመዱ ረጥቦ ነው" አሉ። አለቃ ኤጂዲዮ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ስለ መሐላዬ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

አሁን ምን እንዳደረግሁ ልንገርህና ፍረድብኝ። ለመጪው እሑድ ዝናብ እንዲዘንብ ጸለይኩ። በወረቀትና በሙጫ በሚኖር ከተማ፣ በካርኒቫል፣ ለዝናብ መጸለይ! ለቄሱ ብናዘዝ ደንግጠው ከመጋረጃው ወዲያ "ልጄ፣ ሌላ ኃጢአት የለሽም?" አሉኝ።

ቢዘንብ እንኳ ፌብሩዋሪ 28 አለ፣ ማርች 1 አለ። ኤልቪዮ፣ ከእንግዲህ ለመንኩህ አልልም። ና።

ዮላንዳ


ቴሌግራም፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1960

ቅዳሜ 27 በአሥር ሰዓቱ ባቡር እደርሳለሁ። ብቻሽን ነዪ። የምታዪውን ስታዪ አትጩኺ። ኤልቪዮ


ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ፌብሩዋሪ 28

ኤልቪዮ፣

እንቅልፍ ገና ወስዶህ ስለነበር ልቀሰቅስህ አልፈለግሁም። ትላንት ጣቢያው ላይ ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ። አትጩኺ ብለኸኝ ነበር፤ ግን ከባቡሩ እስከ በሩ ሦስት ጊዜ ቆመህ ግድግዳ ስትይዝ ሳይ ምን ላድርግ? ዓመት ከመንፈቅ በከሰል አቧራ ሳንባህ ታሞ ሆስፒታል ተኝተህ "ጉንፋን" ትለኛለህ? አንዱን እንድታድንልኝ ብጠራህ ሁለት ሆናችሁ ቁጭ አላችሁ። የቶሜይ ወንዶች ስትፈጠሩ ምላሳችሁ ላይ "ደኅና ነኝ" ተብሎ ሳይጻፍባችሁ አልቀረም።

ደግሞም ተናድጄብህ ሳላበቃ አንጀቴን በላኸው። "ስምንት ደረጃ እችላለሁ፤ ቀሪውን ሃያ ሦስት ቀስ ብዬ ልሞክር" ስትለኝ። አትሞክርም። ባለፈው እሑድ የዘነበውን ዝናብ እግዜር የሰጠኝ አንተን ልቀብርበት አይደለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነው ነገሩ፤ ስማኝ። ከቅዳሴ በፊት መጋዘኑ ሄጄ ለአለቃ ኤጂዲዮ "አባዬ ዛሬ ያርፋሉ፤ ገመዱን የቤታችን ሰው ይይዘዋል" አልኳቸው። ስለ ልባቸው አልተናገርኩም፤ መሐላዬ አለ። "ኤልቪዮ መጣ አሉ፣ እሱ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። መዳፌን በጨርቅህ መጠቅለል ጀመርኩ። እጆቼን አዩ። "ዮላንዳ፣ ሰው የሚሾመው ቤቱ ነው" አሉ። "ማን እንደወጣ አላየሁም፣ አላይምም። እኔ የማየው ራሱ መነሣቱን ብቻ ነው።"

የአባዬን አሮጌ ጃኬትና ያንተን ጨርቅ ወስጃለሁ። አንተ አባዬን ግንቡ ላይ ይዘህ ተቀመጥልኝ። እንዴት ብትለኝ፣ እውነቱን ንገራቸው። ለሐኪም የማይታዘዝ ሰው ለታመመ ይታዘዛል።

ወጡ ምድጃው ላይ ነው፤ ሁለታችሁም ብሉ። መድፉ ሳይጮህ መድረስ አለብኝና እዚህ ላቁም።


ቤልጅግ፣ ማርች 12 ቀን 1960

ይድረስ ከኔም ካጎቴም ትከሻዋ ለበረታው ለእህቴ ለዮላንዳ፣

ያሳደገሽን ቤት እግዜር ያሰንብተው። በሰላም ገብቻለሁ። ከሆስፒታሉ ነው የምጽፍልሽ፤ የዚህኛውን ማኅተም ደፍረሽ አንብቢው።

ማክሰኞም ወጣሽ፣ እኔም ረቡዕ ተሳፈርኩ፤ ሁላችንም ስለ አየሩና ስለ ወጡ ብቻ ስናወራ ሰነበትን። ግንቡ ላይ የሆነውን እንዳልነግርሽ ለአጎቴ ቃል ገብቼ ነበር። አሥር ቀን ቻልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ምስጢር በደረቴ ይዤ መኖር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

የዚያን እሑድ አጎቴ ጃኬታቸውን ፈልገው አጡ። "የት ሄደች ዮላንዳ?" ሲሉኝ "ቀድማ ወጣች" አልኩ። በባሕሩ ጎዳና እኩል ሄድን፤ ማለቴ እኩል ቆምን። ግንቡ ጋ ስንደርስ ተቀመጥኩና "አጎቴ፣ እኔ አልወጣም" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ። "እንዴት አወቁ?" ብላቸው "ጀልባ ሲሰነጠቅ ድምፁን አውቃለሁ፤ ስንት ደረጃ ትችላለህ?" አሉኝ። "ስምንት።" ራሳቸውን ነቀነቁና ሊሄዱ ተነሡ። "እንግዲህ እኔው ልሂድ።"

ያን ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ። "መድፉ ሲጮህ ሰዉ ይጋፋል፤ ከተገፋሁ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ብቻዬን አይተዉኝ" አልኳቸው። እውነት ነበር፤ ግን እውነቴን እንደ መንጠቆ ስለተጠቀምኩበት አፈርኩ። እሳቸው እኔን አዩ፣ ወደ መጋዘኑ አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። "ታዲያ ማን ሊወጣ ነው?" "የቤቱ ሰው አለ።" ሌላ አልጠየቁኝም። ተቀመጡ።

ዘበኛው ሲመጣ መጀመሪያ ምን አሉ መሰለሽ? "አፍንጫው እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?" ሠላሳ ዓመት እነዚያ ራሶች ውስጥ ሲወጡ ሲወርዱ አንዱንም ከደጅ አይተው አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። አፋቸውን ከፍተው፣ ኮፍያቸው ላይ የወረቀት ብጣሽ እየዘነበ፣ እንደ ሕፃን ያዩ ነበር።

ከፊታችን ደረሰ። ራሱ ቀስ እያለ ወደቀ። አጎቴ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን ጨብጠው በሹክሹክታ "አንድ" አሉ። "ሁለት" ሲሉ ባዶ አየር ሳቡ። ራሱ አልተነሣም። ክንዴን ያዙ፤ ጥፍራቸው ዛሬም ምልክቱ አለኝ። ሕዝቡ ጭጭ አለ። የባሕሩን ድምፅ ሰማሁ ብልሽ አታምኚኝም። "ለቀቀችው!" አሉ አጎቴ። "ወይኔ ልጄን፣ ለቀቀችው!"

ያኔ ተነሣ። በርግጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሰዉን ሁሉ ሌባ ናችሁ በሚል አኳኋን። ሳቁ ግን ዮላንዳ፣ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ከኛ ተነሥቶ እስከ ወደቡ ድረስ ተንከባለለ። አንቺም ውስጥ ሆነሽ ሳትሰሚው አትቀሪም።

"ማንን ነው ያሉት?" አልኳቸው እንዳላወቀ ሆኜ። "ዝም በል" አሉኝ። "ያንን ትንፋሽ ከመንገድ ሆኖ ሲቆጥር የኖረ ሰው አንድ ብቻ ነው።" ሁለተኛው ዙር መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተነሣ። ሦስተኛው ዙር እንደዚያው። ዓይናቸው እየፈሰሰ ነበር፤ አፍንጫቸውን በኮፍያቸው ጠረጉና እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ዕድሜ ልኬን በሁለት ነው ያነሣሁት። ቀልዱ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምቸኩለው ስለሚከብደኝ ኖሯል። ልኩ ሦስት ነው።"

ቀጥለውም "እንዳትነግራት፤ ትኮራለች" አሉኝ። ኩሪ እህቴ።

ወንድምሽ ኤልቪዮ


ቪያሬጆ፣ ማርች 21 ቀን 1960

ይድረስ ለወንድሜ ለኤልቪዮ፣

ትንፋሽህን የሰጠህ አምላክ ይጨምርልህ። ደብዳቤህን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደገምኩት።

የዚያን እሑድ ማታ ቤት ስገባ አባዬ ያሉኝ "ወጡ ቀዝቅዟል" ብቻ ነበር። መዳፎቼ ተልጠው ስለነበር ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ አይተው የወይራ ዘይቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። አሁን ነው የገባኝ። ሦስተኛዋን ትንፋሽም ልንገርህ፤ አውቄ አልነበረም። በሁለት ላነሣው ስል ጉልበት አጣሁ። ሦስተኛዋ የልመና ትንፋሽ ነበረች። ከዚያ ሳቁን ሰማሁና ደጋገምኩት። ይህን ለአባዬ አልነግራቸውም።

ዘበኛው ፈርሷል፤ ለከርሞ እንጨቱ ያስፈልጋል። አባዬ አፍንጫውን በጋሪ ጭነው አመጡት። ጓሮ አስቀመጡት፣ ዶሮዎቹ ገብተው እንቁላል ይጥሉበታል። ሐኪም ዘንድ ራሳቸው ሄዱ። ባልዲውን አሁን እኔ ነኝ የምስበው።

አሁን ያንተን ነገር። ከእንግዲህ "ደኅና ነኝ" ብለህ አትጻፍልኝ፤ ያንን ቃል ከቤታችን አውጥቼዋለሁ። በየሳምንቱ ስንት ደረጃ እንደወጣህ ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ። ስምንት ከሆነ ስምንት በል። ሰባት ከሆነ ሰባት በል፤ ተቀምጬ አለቅሳለሁ፣ ግን አውቀዋለሁ። ማወቅ ይሻለኛል።

አባዬ "ለኤልቪዮ ነው የምትጽፊው? ቦታ ተዪልኝ" ብለው እላዬ ላይ ቆመዋል። ይኸው ተውኩ።

ዮላንዳ

ኤልቪዮ፣ ጨርቅህን ዮላንዳ ወስዳዋለች፤ አትመልስልህም። የኔን አጥቤ ምስማርህ ላይ ሰቅዬልሃለሁ። ኦሬስቴ